ጉትዬ የተወቻቸው እንቁላሎች

እሁድ ረፋዱ ላይ ጉትዬ ከጎጆዋ ወረደች። ወርዳም ዝም አላለችም፤ የጥጥ ብናኝ የሚያካክሉ ጫጩቶቿን አስከትላ ጓሮውን ትጭራለች፣ ትጣራለች፣ ትቆጣለች። ከኋላዋ፣ ጭድ በተጎዘጎዘበት የሳሙና ካርቶን ውስጥ፣ ሦስት ትልልቅ እንቁላሎች ራቁታቸውን ቀርተዋል። የልብስ ሰፊው ልጅ የጓሮው በር ላይ ቆማ አንዴ ዶሮዋን፣ አንዴ እንቁላሎቹን አየች። ዐይኖቿ በእንባ ግጥም አሉ።

«አንቺም ተውሻቸው?» አለቻት ዶሮዋን።

እንቁላል ብርቅ ሆኖባት እንዳይመስላችሁ። እነዚያ ሦስቱ እንቁላሎች የአንድ ሰው ቃል ናቸው። የምትወደው ሰው ቃል ካርቶን ውስጥ ቀዝቅዞ ሲተኛ እያየች ነው የምታለቅሰው። ነገሩን ከመነሻው ላጫውታችሁ፤ አለዚያ እናንተም እንደሷ ግራ ይገባችኋል።

ልጅቷን የሚያውቃት ሁሉ «እኔንጃ» ነው የሚላት። ስሟ ሳይሆን መልሷ ነው። ሻይ ይሻልሻል ወተት? እኔንጃ። ቁልፉ ጥቁር ይሁን ቡናማ? እኔንጃ። እናቷ በልጅነቷ ከሞተችባት ወዲህ መርጣ የያዘችው ነገር ሁሉ የሚያመልጣት ይመስላታል መሰለኝ፣ አፏ ላይ ቀድማ ድቅን የምትለው ያቺው ቃል ናት። በአባቷ ሱቅ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ በካውያ ትተኩሳለች። ጓሮ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። ጓሮው የድንክ ዶሮዎቿ ነው፤ ትልቋ እንኳ ጭን ላይ ብትቀመጥ የማትከብድ፣ ኩራቷ ግን ሌላ ጓሮ የሚሞላ። እግሩ የተንሻፈፈ ጫጩት፣ ቂጡ በኩስ የተደፈነ ጫጩት፣ አንገቱን ማቅናት ያቃተው ጫጩት እጇ ከገባ «እኔንጃ» ብሎ ነገር የለም። በሞቀ ውሃ ትጠርጋለች፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በጣቷ ጫፍ ታስልሳለች፣ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ እያሞቀች ቁልፍ ትተክላለች። ደንበኞች ከልጅቷ ጉያ «ጲው» የሚል ድምፅ ሰምተው ሲደነግጡ ማየት የአባቷ ትልቁ ደስታ ነው።

ቃሉን የሰጣት ሰው ደግሞ ቀውላላው ነው። ከከተማው ዳር ያለው ትልቁ የዶሮ እርባታ የእናቱ ነው። ረጃጅም አዳራሾች፣ ግድግዳ የሚያክል የመፈልፈያ ማሽን፣ አንዷ የጉትዬን ሦስት እጥፍ የምትሆን ነጫጭ ዶሮዎች ያሉበት ቤት። ሠራተኞቹ እናቱን «ማዳም» ይሏቸዋል፤ ፊታቸው ሲሆኑ በአክብሮት፣ ዞር ሲሉ በፍርሃት። እና የማዳም አንድያ ልጅ፣ ሱሪ ሊያስረዝም ብሎ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎንበስ ብሎ ገባ። በበቂ አላጎነበሰም ነበርና የበሩ መቃን ግንባሩን አገኘው።

ልብስ ሰፊው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «ለዚህ ልጅ ሱፍ የሚሰፋ ሰው ይከስራል» አሉ።

እሱ ሳቀ። እሷ ሳቁን ለማየት ቀና ስትል ራሷ ዞረባት። ከዚያች ቀን ወዲህ ያ ሱሪ ረዘመ፣ አጠረ፣ ደግሞ ረዘመ። ወገቡ ጠበበ ተባለ፣ ሰፋ ተባለ። ሱሪ እንዲህ ያለ በሽታ እንደሌለበት ልብስ ሰፊው አልጠረጠሩም ብላችሁ ነው? ጠርጥረዋል። ዝም ብለው መርፌያቸውን ሰክተው ይነቅላሉ እንጂ።

ቀውላላው ጓሮውን ያየ ዕለት ዐይኑ በትንሹ አውራ ዶሮ ላይ ቀረ። ጄኔራል ነው ስሙ፤ ቁመቱ ከቦቲ ጫማ አይበልጥም፣ ሲጮህ ግን መንደር ያነቃል።

«አውሽኝ» አላት። «ከእኛ ዶሮዎች ጋር ላርገው።»

«በርጩማ ትገዛለታለህ?»

«አንቺ እኔን ለማየት በርጩማ ገዝተሻል?»

እሷ ቀላች። እሱ ተሳክቶለት እንደሆነ ለማወቅ አቀርቅሮ አያት። «ለምን ያንተን አውራ ለኔ ዶሮዎች አታመጣም?» አለችው ነገሩን ለማስቀየር። «ወገባቸውን ይሰብራቸዋል» አለ እሱ፣ ሳይቀልድ። «ትንሹ ወደ ትልቋ ሲወጣ ግን ማንም አይጎዳም። ቢበዛ ይወድቅና ይሳቅበታል።» ይህን ሲል ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ስለ ዶሮ ብቻ እየተናገረ እንዳልሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

ጄኔራል እርባታው ከርሞ፣ ክብሩን ጠብቆ ተመለሰ። ከሳምንታት በኋላ ቀውላላው ሦስት እንቁላሎች በቅርጫት፣ በአንገት ልብሱ ጠቅልሎ አመጣ።

«እነዚህ የሁለታችን ናቸው» አላት። «ከጉትዬ ሥር አድርጊያቸው። የሚፈለፈሉበት ቀን እመጣለሁ፤ አባትሽን ራሴ አናግራለሁ። እስከዚያ እናቴን አሳምናለሁ። እስከዚያ አልመጣም። ካየሁሽ ጭቅጭቁን መቻል ያቅተኛል። ትጠብቂኛለሽ?»

«እኔንጃ» አለችው። ዐይኖቿ ግን እንደዚያ አላሉም፤ እሱም ዐይኖቿን አምኖ ሄደ።

እንግዲህ ስህተቱ የመጣው ከደግነት ነው። ሦስቱን ትልልቅ እንቁላሎች ጉትዬ ሥር ስታደርግ ብቸኝነት የሚሰማቸው መሰላትና የጉትዬንም ትንንሽ እንቁላሎች አብራ ጨመረች። ሁሉም በአንድ ቀን ታቀፉ። በአንድ ቀን ይወጣሉ ብላ ጠበቀች። ሁሌ የምታውቀው እንደዚያ ነዋ።

አርብ ጠዋት ካርቶኑ ውስጥ ጭውጭውታ ተሰማ። ትንንሾቹ አንድ በአንድ ቅርፊታቸውን ጥለው ወጡ። ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ሱቁን ጠረገች፣ መስተዋቱን ወለወለች፣ መልሳ ጠረገች።

«ዛሬ ምንድን ነው?» አሏት አባቷ።

«እኔንጃ፣ አባዬ።»

በበሩ ያለፈ ጥላ ሁሉ እሱ ይመስላታል። አጭር ሰው ሲያልፍ እንኳ ልቧ ስቅል ይላል። መሸ። አልመጣም። ሦስቱ ትልልቅ እንቁላሎች ጉትዬ ሥር ዝም ብለዋል። ደውላ አትጠይቀውም ነበር ወይ እንዳትሉኝ፤ ስልኩ ያለው አባቷ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባቷ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ደግሞ የትኛው አፍ ነው «ለምን አልመጣህም» የሚለው?

ቅዳሜ ጎረቤቷ የልብስ ቁልፍ ሻጭ ወሬ ይዛ ከተፍ አለች። «ያንን ቀውላላ የመኖ ነጋዴው በር ላይ አየሁት! ከሴት ልጁ ጋር ሲሳሳቅ! እናቱ ከነሱ ጋር ሊያዛምዱት ነው አሉ።» ወሬዋን አራግፋ፣ ለራሷ ቀሎላት ወጣች። እኔንጃ ጓሮ ወጥታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጭጭ። ድንክ ዶሮ ያላት ሰው የምታውቀው፣ ቀኑን ያለፈ እንቁላል የሞተ እንቁላል መሆኑን ነው። ቃሉም እንደ እንቁላሎቹ ውስጡ ባዶ ነበር ማለት ነው ብላ ደመደመች።

ልብስ በሚነደፍበት ወረቀት ላይ በጠመኔ «ለምን አልመጣህም?» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ባትመጣም ግድ የለኝም» ብላ ጻፈች። ውሸት ስለሆነ አጠፋችው። በመጨረሻ «ና» ብቻ ብላ ጻፈች፤ እሱን ስታጠፋ መዳፏ ነጭ ሆነ። ከዚያ ቅርጫቱን ባዶውን፣ የአንገት ልብሱን ብቻ አጣጥፋ ውስጡ አድርጋ፣ ወደ እርባታው መኖ ለሚያመላልሰው የባለ ሦስት እግር መኪና ሹፌር ሰጠችው። ሰጥታ እንደጨረሰች ሮጣ ልታስመልስ ፈለገች። አልሮጠችም። ለምን ላከች? ለምን አልሮጠችም? ብትጠይቋት መልሷን ታውቁታላችሁ።

እና ይኸው እሁድ ሆነ፤ ጉትዬም ወረደች። ዶሮ እንደዚያ ናት፤ የሚከተሏት ጫጩቶች ካሏት፣ ዝም ያለ እንቁላል ላይ ተቀምጣ አትውልም። እኔንጃ ሦስቱን እንቁላሎች አነሣች። ልትጥላቸው ቆሻሻ ገንዳው ድረስ ሄደች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ተመልሳ መተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ባለው የብጣሽ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ፣ ከፍላኔል ቁርጥራጮች መሐል ቀበረቻቸው። ከዚያ ካውያዋን ይዛ የሰው ኮት መተኮስ ጀመረች። እንባዋ የረጠበ ጨርቅ ላይ ሲወድቅ ማንም አይለየውም፣ ከአባቷ በቀር።

የበሩ መቃን ጓ አለ።

ቀና ስትል እሱ ነው። ግንባሩን ይዞ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስቱም ይስቁ ነበር፤ ዛሬ የሳቀ የለም። ከሱቅ የተገዛ፣ እጅጌው አንጓው ላይ ያልደረሰ ሱፍ ለብሷል። ፊቱ ጥቁር ብሏል።

«እንቁላሎቼን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ።

«ምን?»

«ቅርጫቴን መልሰሽልኛል። የቀረውንም መልሽልኝ። ዛሬ ቀናቸው ነው፤ ማሽኑ ውስጥ አስገባቸዋለሁ።»

ካውያውን አቁማ አስቀመጠችው። «ዛሬ? ዐይንህን በጨው አጥበህ ዛሬ ትለኛለህ? ቀናቸው አርብ ነበር! አርብ ሙሉ ቀን እዚህ በር ላይ…»

«አርብ ማን አለ? ሦስት ሳምንቱ የሚሞላው ዛሬ ነው! በእንቁላል መሐል ነው ያደግኩት፣ ይሄ ይጠፋኛል?»

«እኔስ የት ያደግኩ ይመስልሃል? የጉትዬዎቹ አርብ ወጡ! ያንተዎቹ ዝም አሉ። አንተም ዝም አልክ።»

ቀውላላው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። «የጉትዬዎቹ? የጉትዬንም እንቁላል አብረሽ አድርገሽ ነበር?»

«ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነዋ!»

ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ፣ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት እየታገሉ፣ ጆሯቸውን አቁመዋል። ሁለቱም ተያዩ፤ ቀስ በቀስ፣ ፈራ ተባ እያሉ፣ ነገሩ ገባቸው። እሱ በሕይወቱ ድንክ ዶሮ አስፈልፍሎ አያውቅም። እሷ በሕይወቷ ትልቅ ዶሮ አስፈልፍላ አታውቅም። እሱ በራሱ ዶሮ ቆጠረ፣ እሷ በራሷ።

«ትንሽ እንቁላል ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገለጥ ሰው ደስ ይለዋል ትላላችሁ። እኔንጃ ግን ሀሞቷ ፍስስ አለ። አልከዳትም፤ ጥሩ። ታዲያ ከጎጆ ያወጣቻቸው፣ ዛሬ ሊፈለፈሉ የነበሩ እንቁላሎች? ሞቱ ብላ የቀበረቻቸው በሕይወት እያሉ ነበር ማለት ነው። ደስታና ጸጸት በአንድ ጊዜ ጉሮሮዋ ላይ ደርሰው፣ የትኛው ይቅደም ተባብለው የተጣሉ መሰላት።

«የት ናቸው?» አላት።

በጣቷ ከረጢቱን ጠቆመች። ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጨርቅ ሲገላበጥ ይሰማታል። የመጀመሪያውን አውጥቶ ጆሮው ላይ ያዘ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሁለተኛውንም አስቀመጠ። ሦስተኛው የካውያው ሙቀት በሚደርስበት በጠረጴዛው እግር በኩል፣ ከፍላኔሉ መሐል ጠልቆ ነበር። እሱንም ጆሮው ላይ ያዘ።

«ዝም በይ!» አላት።

«ምን ተናገርኩ?»

«ዝም በይ እባክሽ። ነይ። ነይ አድምጪ።»

ቁና ቁና እየተነፈሰች ሄዳ ጆሮዋን አስጠጋች። ከቅርፊቱ ጀርባ፣ ከሩቅ፣ ደክሞት በሩን የሚያንኳኳ ሰው ያለ ይመስል፣ ጭር… ጭር… ይላል። ከዚያ አንዲት ደካማ «ጲ»።

ከዚህ በኋላ «እኔንጃ» የምትባል ልጅ እዚያ ሱቅ ውስጥ አልነበረችም። «ፍላኔሉን አምጣ። እሱን አይደለም፣ ቢጫውን!» ካውያውን ጨርቁ ላይ አሳረፈች፣ ጨርቁን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ለካች፣ እንቁላሉን ጠቀለለች። የስፌት መኪናውን መብራት አጎንብሳ አወረደች። አባቷ የጀመሩትን ሱሪ ሳያጉረመርሙ አነሡላት። ቅርፊቱ ላይ የስንጥር ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ታየች፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ምንቃር ይንቀሳቀሳል።

የቀውላላው ረጅም ጣት ወደ ቅርፊቱ ሄደ። «ልላጥለት። ይታፈናል።»

እጁን መታ አደረገችው። «እንዳትነካው! ደሙ ገና ቅርፊቱ ላይ ነው ያለው። ከቸኮልክበት ይደማል፣ ይሞታል።»

«በእኛ ቤት በቀኑ ያልወጣ ከነቅርፊቱ ነው የሚጣለው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መጠበቅ አላውቅበትም።»

«ተማር።»

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ተቀምጦ እንኳ ቆማ ታክለዋለች። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ቀዳዳዋን ማየት ያዙ። ትንፋሹ ጸጉሯን ይነካዋል። ይህን ትንፋሽ ስንት ቀን ናፍቃው ነበር፤ አሁን ግን በናፍቆቷ ላይ ንዴት፣ በንዴቷ ላይ ሐፍረት ተደርቦ፣ ልትጠጋው ነው ልትሸሸው ልቧ አልለየላትም።

«ቅርጫቱን ስትልኪልኝ ምን ማለትሽ ነበር?»

«እኔንጃ።»

«ዛሬ እንኳ እኔንጃ?»

«ከመኖ ነጋዴው ልጅ ጋር ስትስቅ ነበር ተብዬ ነዋ!»

«እኔ? ከረጢት ስጭን ተቀዶ መኖው ሁሉ ራሴ ላይ ፈሰሰ። እሷ ናት የሳቀችብኝ! እስከ ማታ ከጆሮዬ ውስጥ በቆሎ ሳወጣ ነው ያመሸሁት።»

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ሱፉን አየች፤ አዲስ፣ የተተኮሰ። «ይሄ ልብስ ለእንቁላል መውሰጃ ነው?»

እጅጌውን ወደ አንጓው ሳበ። «ቅርጫቱ ሲመጣ እናቴ አጠገቤ ነበረች። ‹ይኸው፣ እሷም አትፈልግህም› አለችኝ። ስላንቺ ስጨቃጨቅ የከረምኩት ሁሉ በአንድ ባዶ ቅርጫት ዜሮ ሆነ። ዛሬ ምሳ የመኖ ነጋዴው ቤተሰብ እኛ ቤት ነው። ልጅቷም አለች። ለእናቴ… እሺ አልኳት።»

«እሺ አልክ?»

«ምን ልበል? ባዶ ቅርጫት ነው የመጣልኝ። አንድ ቃል እንኳ ውስጡ የለም።»

ያጠፋችው «ና» መዳፏን ያሳከካት መሰላት። ልትቆጣው ፈለገች፣ ምን ብላ? ይቅርታ ልትጠይቀው ፈለገች፣ ስለ የቱ? እሱ ያጠፋውና እሷ ያጠፋችው እንደ ተወሳሰበ ክር ሆኖባት ጫፉ ጠፋት። በዚህ መሐል ቅርፊቱ ቀጭ አለ፤ ዙሪያውን ተሰነጠቀ። ርጥብ፣ አስቀያሚ፣ የሚንቀጠቀጥ ፍጡር ፍላኔሉ ላይ ተዘረጋ። ከጉትዬ ጫጩቶች ይተልቃል። ጄኔራል ግንባር ላይ ያለችውን የምትመስል ጥቁር ነጥብ ግንባሩ ላይ አለች።

«የሁለታችን» አለ ቀውላላው።

እየደረቀ ሲሄድ ሊቆም ሞከረ፣ ግን ግራ እግሩ ወደ ጎን ተንሸራቶ በደረቱ ተዘረረ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ተዘረረ። ቅዝቃዜው ነው፣ እኔ ነኝ አለች በሆዷ።

ውጭ የፒካፕ ጥሩምባ ጮኸ። ከዚያ የተረከዝ ጫማ ድምፅ መጣ። ማዳም መነጽራቸውን ሳያወልቁ ገቡ። መቃኑ አልነካቸውም፤ እሳቸው ራሳቸው አጭር ናቸው።

«እንግዶች ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠዋል» አሉ። «ልጄ ደግሞ እዚህ ተቀምጧል። ምንድን ነው ይሄ?»

«ጫጩት ነው፣ እማዬ።»

«ጫጩትነቱንማ አየሁ! በዚህ እግሩ? ከሺህ ጫጩት መሐል ለአንዱ ሽባ?»

«እስኪቆም አልሄድም።»

«እሱ እስኪቆም ነው፣ አንተ እስክትቆም?»

ልብስ ሰፊው ብድግ ብለው «ይቀመጡ፣ እመቤቴ» አሉና ወንበር ጠረጉ። ማዳም አልተቀመጡም። እኔንጃ አላያቻቸውም፤ ጨርሶ አላያቻቸውም። ለስላሳ ሪባን ቆርጣለች፣ የጫጩቱን ሁለት እግሮች በልካቸው አቀራርባ ልታስር ነው፤ አንድ እጅ ግን አይበቃም። «ያዝልኝ» አለችው። ያ ትልቅ እጅ ያንን ትንሽ ነፍስ፣ እንዳይሰብረው እየፈራ፣ በሁለት ጣት ያዘ። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። እሷ አሰረች።

«ጠበቀ» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ዞሩ። ማዳም መነጽራቸውን አውልቀዋል።

«ደም ይዘጋበታል። ላላ አድርጊው። በመሐሉ ጣትሽ ይለፍ… እንደሱ።» ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «አዳራሽ ሳይኖረኝ በፊት አልጋዬ ሥር ነበር የማሳድጋቸው» አሉ። የተናገሩት የቆጫቸው ይመስል ፊታቸውን መልሰው ቋጠሩ።

«አሁን ስሚኝ፣ ልጄ» አሏት። «ቅርጫት መልሰሽ ላክሽ። ዛሬ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ቁጭ ብላችኋል። እኔ ሰው እቤቴ አስቀምጬ መጥቻለሁ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ፊቱን የት ያስገባል? እሱን አልጠይቀውም። እሱ ከትናንት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም፤ ልቡ የት እንዳለ አውቃለሁ። አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ከኔ ጋር ይሂድ ወይስ ይቆይ? ግን ዛሬ ይቆይ ብለሽ ነገ ቅርጫት የምትልኪ ከሆነ፣ አሁኑኑ ይዤው ልሂድ።»

ቀውላላው አላየም ወደሷ። ጫጩቱን እንደያዘ አቀርቅሯል፤ የጆሮዎቹ ጫፎች ብቻ ቀልተዋል።

ቃሏ አፏ ላይ መጣች። ያቺ የለመደቻት፣ የሸሸገቻት፣ ያሳደገቻት ቃል። ካለቻት ይሄዳል። የት እንደሚሄድም ታውቃለች። ልትመርጠው ፈለገች፤ የመረጠችው ነገር የሚያመልጣት መሰላት። እነዚያ አዳራሾች፣ እኚህ ሴትዮ፣ የሱፉ ዋጋ፣ ጠርዙ የተሸረፈው የሷ የሻይ ብርጭቆ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ራሷ ውስጥ ጮኹ። ምንም የጠራላት ነገር የለም። ትወደዋለች፤ እሱ ብቻ ነው የጠራላት።

«ይቆይ» አለች።

ድምጿ አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይቆይልኝ።»

ጫጩቱ «ጲው» አለ፤ የያዘው እጅ ጠበቅ አድርጎት ነው። ማዳም መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«እንግዶቹን የምጋፈጠው እኔው ነኝ ማለት ነው» አሉ። በሩ ላይ ቆም ብለው ሳይዞሩ፣ «እሺ ማለቴ አይደለም። ሁላችሁም ስሙ፣ እሺ አላልኩም። ስኳር ውሃ ስትሰጡት ስኳሩን አታብዙበት፤ ያስቀምጠዋል።» የፒካፑ ሞተር ተነሣ፣ ራቀ።

እኔንጃ ጫጩቱን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ደስ ብሏት ነው፣ ፈርታ ነው፣ ስለ ሁለቱ የሞቱ እንቁላሎች አዝና ነው፣ እንባዋ ይወርዳል። ቀውላላው ሊጠርግላት እጁን ዘረጋና አባቷን አይቶ መልሶ ሰበሰበ።

ልብስ ሰፊው መርፌያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ሌላ በርጩማ በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ቀውላላው ፊት አመጡና፣ ጉልበታቸውን ደግፈው ወጡበት።

«ቁም» አሉት።

ብድግ ሲል መብራቱ ግንባሩን አገኘው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከትከሻ ትከሻው ዘረጉ፣ አንዴ ለኩ፣ አላመኑም፣ ደግመው ለኩ።

«ጻፊ» አሏት።

የልብስ መንደፊያውን ወረቀት ሳበች። ጠመኔዋን ስታነሣ፣ ትናንት ያጠፋችው «ና» በደብዛዛው ይታያል። በላዩ ላይ የትከሻውን ልክ ጻፈች፤ ደረቷ ውስጥ ያ ትንሽ ነፍስ እየሞቀ።

«የምን ልብስ ነው ግን፣ አባዬ?»

ልብስ ሰፊው በርጩማው ላይ ቆመው፣ ሜትሩን ወደ እጅጌው እያወረዱ፣ በረጅሙ ተነፈሱ።

«እኔንጃ» አሉ።